ሳይፈልጓት የተገኘች ነጥብ

ለውጭ አገር ጉዞ የጤና ምርመራ የሄደች አንዲት ወጣት የደረት ራጅ ተነሳች እንበል። ሳል የላትም፤ ሌሊት ላብ አያጠምቃትም፤ ክብደቷም አልቀነሰም። ከውጤቱ ጋር በሚሰጣት ወረቀት ላይ አጭር አንቀጽ ሰፍሯል። በአገራችን ልማድ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ በአማርኛ ሲነገር ይዘቱ እንዲህ ነው፦ «በቀኝ ሳንባ መካከለኛ ክፍል 5 ሚሊ ሜትር የምትሆን፣ ጠርዟ የጠራ፣ የጠጠረች ነጥብ አለች። በዚያው ወገን በሳንባው ሥር የጠጠረች ንፍፊት ትታያለች። የቆየና የዳነ ኢንፌክሽን ያመለክታሉ። በዚህ ራጅ ላይ በሥራ ላይ ያለ በሽታ ምልክት አይታይም።»

ወረቀቱን የያዘችው ወጣት ከዚህ ሁሉ የምታነበው «ነጥብ» የሚለውን ብቻ ነው፤ የቀረው ከዓይኗ ይጠፋል። እኔ ደግሞ በቀረው ላይ መዘግየት እፈልጋለሁ። በእነዚህ አራት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ትልቅ የእጅ ሥራ አለ። ጥሩ የራዲዮሎጂ ሐኪም ሳይፈልገው ያገኘውን ነገር የሚገባውን ያህል ይመዝነዋል፤ አይጨምርበትም፣ አይቀንስበትም። የሙያው ልክ የሚታየው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

መጠኗን እንመልከት። በተራ የደረት ራጅ ላይ ካልሲየም የሌለው እባጭ ከ8 ወይም ከ9 ሚሊ ሜትር ካነሰ ብዙውን ጊዜ ለዓይን አይገለጥም፤ ከፊቱና ከኋላው ያለው ሥጋ፣ የጎድን አጥንቱና የደም ሥሩ ይውጠዋል። እንግዲህ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነች ነጥብ ከአጠገቧ ካለው አጥንት ባላነሰ ንጣት ጥርት ብላ ከታየች፣ መታየቷ ራሱ ስለ ምንነቷ ይመሰክራል፤ ካልሲየም የያዘች መሆኗ አይቀርም። ትንሽነቷ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ንጣቷም ብቻውን እንዲሁ። ራጁን ያነበበው ሐኪም ሁለቱን አጋጥሞ ነው «የጠጠረች» የሚለውን ቃል ያገኘው። ካልሲየም ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሰውነት አንድን ቁስል ከቦ፣ አጥሮ፣ በኋላም በካልሲየም የሚለስነው በወራትና በዓመታት ነው።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ አንባቢው ነጥቧን አግኝቶ እንዳልቆመ ያሳያልና። የሳንባ ነቀርሳ ጀርም መጀመሪያ ሳንባ ውስጥ ሲያርፍ በዚያው አካባቢ ብቻ አይቀመጥም። በሊምፍ ቱቦ አድርጎ የደም ሥሮችና የአየር ቧንቧው ወደ ሳንባ በሚገቡበት ቦታ ወዳሉት ንፍፊቶች ይሄዳል። አንቶን ጎን የተባለው ኦስትሪያዊ የፓቶሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1912 በሕፃናት አስከሬን ላይ ያደረገውን ጥናት አሳትሞ ይህን የመጀመሪያ ቁስል ስላብራራው፣ ቁስሉ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ይህን መንገድ የሚያውቅ ዓይን ነጥቧን ሲያይ ወዲያው ወደ ሳንባው ሥር ይሻገራል። የጠጠረች ንፍፊት እዚያ ካገኘ ሁለቱ አንድ ታሪክ ይሆናሉ፤ ልጅቷ ምናልባት በሕፃንነቷ፣ ማንም ሳያውቅ፣ ጀርሙ ገብቶባት ሰውነቷ አሸንፎታል። ጀርሙ ከገባባቸው ሰዎች መካከል በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ብቻ ናቸው።

«የቆየና የዳነ ኢንፌክሽን» የሚለው ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር የአገር እውቀት ይጠይቃል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከመዘገባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ለሚያነብ ሐኪም ይህች ነጥብ በመጀመሪያ የምታሳስበው ሳንባ ነቀርሳን ነው። በአሜሪካ የኦሃዮ ወንዝ ሸለቆ ተወልዶ ያደገ ሰው ደረት ላይ ብትገኝ ግን ሐኪሙ ቀድሞ የሚያስበው ሂስቶፕላዝሞሲስ የተባለውን፣ ከአፈርና ከወፍ ኩስ የሚመጣ የፈንገስ ኢንፌክሽን ነው። ጥላው አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ባለቤቱ ያደገበት አፈር ነው። ኮለምበስ ኦሃዮ የሚኖር ወገናችን ራጅ ሲነሳ የት እንዳደገ ለሐኪሙ መናገሩ ለዚህ ይጠቅማል፤ ጥሩ አንባቢም ይህን ሳይጠይቅ ብዕሩን አያነሳም።

የራጅ ጨረር በተገኘ ሰሞን ግን የአንባቢው ሥራ ሌላ ነበር። ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ቩርትስቡርግ ላይ ካገኘው በኋላ ሐኪሞች የተጠቀሙበት የሚያውቁትን ነገር ለመፈለግ ነው። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 የጸደይ ወቅት፣ ኔፕልስ በሚገኘው የጦር ሆስፒታል ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ የጦር ሐኪም ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ክንድ በራጅ አንስቶ ጥይቱ ያለበትን ቦታ ለይቷል። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ይህ የመጀመሪያው ተብሎ ይጠቀሳል። ጥይቱ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ያልታወቀው ቦታው ነበር።

ያልተጠበቀ ግኝት በብዛት የመጣው ጤነኛ ሰው ራጅ መነሳት ሲጀምር ነው። ማኑኤል ደ አብሬው የተባለ ብራዚላዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1936 ሪዮ ደ ጃኔሮ ላይ የጨረሩን ማያ በትንሽ ፊልም የሚያነሳ ርካሽ ዘዴ አበጀ። ከዚያ ወዲያ በብዙ አገር ሠራተኛውም፣ ተማሪውም፣ ወታደሩም ሳያመው ተሰልፎ ደረቱን መነሳት ቻለ። የዛሬው የጉዞ ምርመራም ከዚያው ሐሳብ የመጣ ነው። አንባቢው አንድ የታወቀ ነገር መፈለጉ ቀርቶ አንዳች ነገር ይኑር አይኑር በማይታወቅበት ደረት ፊት መቀመጡ ሥራውን እጅግ አከበደው።

ሥራው ግን የሚጀምረው አንባቢው ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት፣ ራጅ በሚያነሳው ባለሙያ እጅ ነው። ይህ ሰው ሲመሰገን ብዙም አልሰማሁም፤ መመስገን ግን ይገባዋል። ልጅቷን ፊቷን ወደ መቀበያው ሰሌዳ፣ ጀርባዋን ወደ ጨረሩ አዙሮ ያቆማታል። ልብ ወደ ደረት ፊት ስለሚያደላ ወደ ሰሌዳው በቀረበ መጠን ጥላው ከልኩ አይገዝፍም። ጨረሩ 180 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚርቀውም ለዚሁ ነው። «እጅሽን ወገብሽ ላይ፣ ትከሻሽን ወደ ፊት» የሚላት ከጀርባ ያሉት ሰፋፊ የትከሻ አጥንቶች ከሳንባው ላይ እንዲነሱ ነው። «አየር ሳቢ፣ ያዢ!» ሲል ደግሞ ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ፣ ዲያፍራም፣ ዝቅ ብሎ የሳንባው የታችኛ ክፍል ይገለጣል። በደንብ ሳትተነፍስ ከተነሳች ከታች ያሉት የደም ሥሮች ተጠጋግተው ሳንባ ምች ይመስላሉ፤ ልቧም ያበጠ ይመስላል። አንባቢው ይህን የሚያጣራው በመቁጠር ነው፤ ከዲያፍራሙ በላይ 9 ወይም 10 የኋላ የጎድን አጥንቶች ከታዩ ትንፋሹ በቂ ነው። ከአንገት ሥር ያሉት የሁለቱ አጥንቶች ጫፎች ከአከርካሪው መሐል እኩል ከራቁ ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆማለች ማለት ነው።

ስለ ሹሩባም መናገር አለብኝ። የተጎነጎነ ፀጉር ከትከሻ ላይ ሲወርድ በሳንባው ጫፍ ላይ ጥላ ይጥላል። የሳንባው ጫፍ ደግሞ አገርሽቶ የሚነሳ ሳንባ ነቀርሳ የሚወደው ቦታ ነው። ጥብቅ ብሎ የተሠራ ሹሩባ በራጅ ላይ ጭረት ጭረት ያለው ደብዛዛ ነገር ሆኖ ይታያል፤ ሳያስተውል የሚያነብ ሰው ሊሳሳትበት ይችላል። አስተዋዩ ጥላውን ተከትሎ ወደ ላይ ይሄዳል። የሳንባ በሽታ ሳንባው ባለቀበት ያልቃል፤ የፀጉር ጥላ ግን ከጎድን አጥንቱ ድንበር ወጥቶ ወደ አንገት ይቀጥላል። የማተብ ቋጠሮ፣ የልብስ ቁልፍ፣ በአንገት የተንጠለጠለ መስቀልም እንዲሁ ያታልላሉ። ፀጉሯን ወደ ላይ ሰብስቦ የሚያስራት፣ ማተቧን ለአፍታ ወደ ጎን እንድታደርግ በአክብሮት የሚለምናት ራጅ አንሺ አንዲትን ሰው ከሳምንታት ጭንቀት ያድናል።

ከዚህ በኋላ ምስሉ ማያው ላይ ይወጣል። ራጅ የሚለየው አምስት ነገር ብቻ ነው፦ አየር፣ ስብ፣ ውሃና ሥጋ፣ አጥንት፣ ብረት። አየር ጥቁር ነው፤ ብረት ነጭ ነው፤ የቀሩት በመካከል ይደረደራሉ። ልብ፣ ደም፣ መግልና ዕጢ በዚህ ሚዛን አንድ ናቸው፤ ዓይን ሊለያቸው አይችልም። አንድን ነገር የምናየው ከሌላ ዓይነት ነገር ጋር ሲዋሰን ነው። ቤንጃሚን ፌልሰን የተባለው የሲንሲናቲ ራዲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1950 ከሄንሪ ፌልሰን ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ከዚህ ቀላል እውነት አንድ ድንቅ መሣሪያ አወጣ። የልብ ጠርዝ የሚታየው አየር ከያዘ ሳንባ ጋር ስለሚዋሰን ነው። ሳንባው በመግል ወይም በሌላ ነገር ሲሞላ ሁለት ነጭ ነጠላ ተደራርቦ ሲነጠፍ የአንዱ ጠርዝ እንደሚጠፋ የልብ ጠርዝም ይጠፋል። የልብ ቀኝ ጠርዝ ከጠፋ ችግሩ ልብን በሚነካው በቀኝ ሳንባ መካከለኛ ክፍል ውስጥ ነው። ጥላው እያለ ጠርዙ ካልጠፋ ደግሞ ችግሩ ከኋላ፣ በታችኛው ክፍል ነው። በአንድ ጠፍጣፋ ምስል ላይ ፊትና ኋላን መለየት የሚቻለው እንዲህ ነው። አንባቢው የሚያየው ያለውን ብቻ ሳይሆን መኖር ሲገባው የጠፋውንም መስመር ነው። ከዚህ የበለጠ ያማረ አስተያየት በሕክምና ውስጥ አላውቅም።

የሠለጠነ ዓይን ፈጣን ነው። ሐሮልድ ኩንደልና ካልቪን ኖዳይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት የደረት ራጅ ለሐኪሞች የሰከንድ አንድ አምስተኛ ለሚያህል ጊዜ ብቻ ብልጭ አድርገው አሳዩ፤ ሐኪሞቹ በዚያች ቅጽበት ከመቶ 70 ያህሉን በትክክል ለዩ። በጥሩ እጅ ላይ ይህ ፍጥነት ውድ ሀብት ነው። ዳሩ ግን ያው ፍጥነት ያታልላል። ሊዮ ሄንሪ ጋርላንድ የተባለ ራዲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1949 ልምድ ያላቸው አንባቢዎች እንኳ ችግር ካለባቸው የደረት ራጆች ከመቶ 30 ያህሉን እንደሚያልፉ አሳይቶ ሙያውን አስደንግጧል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በሳንባ ሲቲ ስካን ላይ የጎሪላ ምስል ሸሸገ። ትንንሽ እባጮችን እንዲፈልጉ ከተጠየቁት 24 ራዲዮሎጂስቶች 20ዎቹ ከተለመደው እባጭ 48 ጊዜ የሚበልጠውን ጎሪላ አላዩትም፤ የአብዛኞቹ ዓይን ግን በቀጥታ አርፎበት ነበር።

እኔ ይህን ሐኪሞቹን ለመንቀፍ አልጠቀስኩም። አንድ ነገር ፈልጎ የሚመለከት ዓይን ሌላውን ይስታል፤ አንድ ነገር ያገኘ ዓይንም ይረካና ፍለጋውን ያቆማል። ይህ የሁላችንም ዓይን ነው። ጥሩ አንባቢዎች ከዓይናቸው ይልቅ ሥርዓታቸውን የሚያምኑት ለዚህ ነው። ነጥቧን ካገኙ በኋላ እንኳ ሳንባ ወደሚሸሸግባቸው ቦታዎች አንድ በአንድ ይመለሳሉ፤ የመጀመሪያው የጎድን አጥንት ወደሚጋርደው የሳንባ ጫፍ፣ ወደ ልብ ኋላ፣ ከዲያፍራሙ ጉልላት በታች ወደሚወርደው የሳንባ ክፍል፣ ወደ አጥንቶቹ፣ ወደ ትከሻው። ከጎናቸው ተቀምጦ ያየ ሰው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታዘባል፤ ቦታዎቹን በስማቸው እየጠሩ ነው።

በዚህ ፍለጋ ከሚገኙት ብዙዎቹ ሕመም አይደሉም። ከሁሉም የምወደው አንድ አለ። በፅንስ ጊዜ አዚጎስ የተባለው የደም ሥር በቀኝ ሳንባ ጫፍ ላይ አልፎ ወደ መሐል መግባት አለበት። በጥቂት ሰዎች፣ ከመቶ በአንዱ ገደማ፣ መንገድ ይስትና ሳንባውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የሳንባውን ሽፋንም እየጎተተ ይዞ ይወርዳል። በራጅ ላይ የሚታየው ከቀኝ ሳንባ ጫፍ ተነስታ ወደ ውጭ ጎበጥ ብላ የምትወርድ ቀጭን መስመር ናት። ያቺ ጭረት አራት የሽፋን ድርብ ናት፤ ከታች ጫፏ ላይ የደም ሥሩ ራሱ እንባ መሰል ጠብታ ሆኖ ይታያል። ባለቤቱ ሲወለድም ሲሞትም አይሰማውም። ይህን የሚያውቅ ሐኪም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ያልፈዋል፤ የማያውቅ ሰው ግን ጤነኛውን ወደ ተጨማሪ ምርመራ ይልካል።

ሌሎቹን ባጭሩ ልጥቀስ። የጡት ጫፍ ጥላ ከታች እባጭ ይመስላል፤ ምልክት ተለጥፎበት ራጁ ሲደገም ይለያል። የመጀመሪያው የጎድን አጥንት ለስላሳ ጫፍ ሲጠጥር ነጥብ ይመስላል፤ ተሰብሮ የዳነ የጎድን አጥንትም እንዲሁ። አንዳንዴ ትልቁ አንጀት በጉበትና በዲያፍራም መካከል ገብቶ ከዲያፍራሙ በታች አየር ይታያል፤ ሆድ ውስጥ የተቀደደ ነገር ያለ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው በአየሩ ውስጥ የአንጀቱን እጥፋቶች ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1910 ይህን የገለጠው ዴሜትሪየስ ኪላይዲቲ የተባለ ሐኪም ነው፤ ስሙን የሚያውቅ አንባቢ አንድን ሰው ከቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ሊያስመልስ ይችላል።

የሚያሳስብ ግኝትም አለ፤ መሸፋፈን አይገባም። ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ ካልሲየም የሌለው፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ እባጭ በተለይ በሚያጨስ ሰው ላይ ሲገኝ በፍጥነት ሲቲ ስካን ይጠይቃል። በሳንባ ጫፍ ላይ ያለ ደብዛዛ ጥላ ወይም ቀዳዳ የአክታ ምርመራ ይጠይቃል። ራጅ ብቻውን ቲቢው በሥራ ላይ መሆን አለመሆኑን አይፈርድም፤ ወደ አሜሪካ ለመግባት በሚደረገው ምርመራ 15 ዓመት የሞላቸው ሁሉ ራጅ ተነስተው፣ አጠራጣሪ ነገር የታየበት ሰው በተለያዩ ቀናት ሦስት ጊዜ አክታ የሚሰጠው፣ ጀርሙ ይበቅል እንደሆነም እስከ 8 ሳምንት የሚጠበቀው ለዚህ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ምርመራ ግን የዳነ ጠባሳም ቢሆን «ብቁ አይደለችም» ሊያስብል ይችላል። ይህ ደንብ ለአንባቢው ብዕር ከባድ ሸክም ይመስለኛል፤ «ጠባሳ» የሚለው ቃል የአንድ ቤተሰብን የዓመት ተስፋ ሊያጨልም ይችላል። ያም ሆኖ አንባቢው ያየውን መጻፍ አለበት። ችሎታው ያለው ጠባሳ ያልሆነውን ጠባሳ ብሎ ባለመጻፉ፣ የዳነውንም «የዳነ» ብሎ በግልጽ በመጻፉ ነው። «በዚህ ራጅ ላይ» የሚሉት ቃላትም ለዚህ ተቀመጡ፤ የምስሉን ወሰን ያሳያሉ እንጂ ሐኪሙ ለማምለጥ የጻፋቸው አይደሉም።

የአንባቢው ትልቁ ረዳት የቆየ ራጅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የተነሳ ፊልም ላይ ያው እባጭ በዚያው መጠን ካለ፣ ካንሰር የመሆኑ ዕድል እጅግ ዝቅ ይላል፤ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጭንቀት የሚያስወጣ ምርመራ ይቀራል። በየቤታችን ቁም ሣጥን ላይ በቡናማ ፖስታ የሚቀመጠው ፊልም ለዚህ ዋጋ አለው። ዛሬ ግን ፊልሙ እየቀረ ነው፤ ብዙ ሰው የራጁን ማያ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ነው የሚሄደው። ዲጂታል ራጅ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን በሺህ በሚቆጠሩ ደረጃዎች ይመዘግባል፤ የተለመደ የስልክ ፎቶ ግን 256 የግራጫ ደረጃ ብቻ ይይዛል፤ ከልብ ኋላ ያለ ደብዛዛ ጥላ በዚያ ልዩነት ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ከሪፖርቱ ጋር ዋናውን ፋይል በሲዲ ወይም በፍላሽ መጠየቅ፣ የተነሳበት ቀን መኖሩንም ማየት ያስፈልጋል። ከዓመታት በኋላ በሌላ ከተማ ያለ ሐኪም ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በሚሊ ሜትር ለክቶ «ለውጥ የለም» ብሎ ለመጻፍ የሚችለው ያ ፋይል ሲኖረው ነው።